የሰው ልጅ በጠፈር፦ ከእንጦጦ አናት የሚደረግ ትንበያ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ነገ ነው። የሰው ልጅ በጠፈር ውስጥ ወዴት ይሄዳል? መቼ ይሄዳል? ከእኛስ ማን አብሮ ይሄዳል? ጥያቄው ሩቅ ስለሆነ ከቅርብ እንነሣ። በየካ ሚካኤል፣ በኮተቤ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሆናችሁ የምታዳምጡን ከደጃችሁ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ይታያችኋል። ወሬያችንን ከዚያ እንጀምራለን።

አንድ ቀን ልንገራችሁ፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.። በዚያን ዕለት ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ትገባለች። ጥላዋ በደቡብ ስፔን በኩል መጥቶ ሰሜን አፍሪካን ያቋርጣል፣ በግብፅ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገራል፣ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን አልፎ የሶማሊያን ጫፍ ይነካል። በጥላው መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች በቀን ጨለማ ያያሉ። በአዲስ አበባ ግርዶሹ ሙሉ አይሆንም፤ ሆኖም ከቀትር በኋላ ከፀሐይዋ ገጽ ሰፊው ክፍል ይሸፈናል። ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ከወዲሁ አስቡበት፤ ለግርዶሽ ተብሎ ከተሠራ መነጽር ውጭ ማንም ፀሐይን ቀና ብሎ ማየት የለበትም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ያስታወሳችሁ ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

ይህን ሁሉ በድፍረት የምናገረው የጨረቃ መንገድ በሰከንድ ደረጃ ተሰልቶ ስላለቀ ነው። በዚያን ዕለት የእንጦጦ ሰማይ ጥርት ይበል ወይም በደመና ይሸፈን ግን ዛሬ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ወሩ ሐምሌ ነው። 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ጨረቃ ከዓመታት በፊት ቀጠሮዋ ይታወቃል፤ ከራሳችን በላይ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ደመና ግን ሳምንት እንኳ ቀድሞ አይጨበጥም።

ስለ ጠፈር የሚነገር ትንበያ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ወገን ይወድቃል። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የሚመጣውን የፋሲካ በዓል ከብዙ ዘመን አስቀድመው ሲቀምሩ የተማመኑት በጨረቃ ላይ ነበር፤ ጨረቃም አላሳፈረቻቸውም። የፕላኔቶች መንገድ፣ የሮኬት ጉልበት፣ የብርሃን ፍጥነት ከዚህ ወገን ናቸው። የመንግሥት በጀት፣ የሰው አካል፣ የሕዝብ ፍላጎት ደግሞ ከደመናው ወገን ናቸው። «በዚህ ዓመት ሰው ማርስ ላይ ይወርዳል» የሚል ነገር ስትሰሙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ተናጋሪው የቆመው በጨረቃ ላይ ነው ወይስ በደመና ላይ?

ምሳሌ ልስጣችሁ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ግዙፍ ሮኬት የመራው መሐንዲስ ቨርንኸር ፎን ብራውን ለአሜሪካ ባለሥልጣናት የማርስ ጉዞ ዕቅድ አቀረበ። ሰዎች በኅዳር 1974 ዓ.ም. ከምድር ይነሣሉ፣ በዓመቱ መገባደጃ ማርስ ይደርሳሉ የሚል ነበር። ሰውዬው ሕልመኛ አልነበረም፤ የፕላኔቶቹን አቀማመጥ በትክክል አስልቶ ነበር። 1974 ደረሰ፣ አለፈ፤ ማርስም በተባለችበት ቀን በተባለችበት ቦታ ነበረች። ያልተገኘው ገንዘቡ ነው። በአፖሎ ዘመን አጋማሽ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ከ4 ዶላር በላይ ለናሳ ይውል ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ወደ 1 ዶላር ወረደ። ከታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. ወዲህ የአፖሎ 17 ሰዎችን ተከትሎ ጨረቃን የረገጠ ሰው የለም።

የሰው አካልስ? እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ እንጦጦን በቀጥታ ይመለከታልና። በማለዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ሯጮቻችንን ያገኛቸዋል። እዚያ ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከአየሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከእግር በታች ቀርቷል። የኦክስጅኑ ግፊት ሲያንስ አካል ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ማምረት ይጀምራል፤ ሯጩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ሲወዳደር ያ ደም ይጠቅመዋል። በጠፈር የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ14 ጠፈርተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል። ምድር ላይ ያለ ሰው አካል በሰከንድ 2 ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳትን አፍርሶ ያንኑ ያህል ይተካል፤ የጠፈርተኞቹ አካል ግን ለ6 ወር በቆዩበት ጊዜ ሁሉ በሰከንድ 3 ሚሊዮን ያህል ሲያፈርስ ተገኘ። አጥንትም እንዲሁ ነው። ክብደት የማይሸከም አጥንት በየወሩ ከመቶ 1 ያህል ጥንካሬውን ያጣል። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ያሉ ሰዎች በየቀኑ 2 ሰዓት ያህል በማሽን ላይ የሚሮጡትና ክብደት የሚያነሡት ይህን ለማዘግየት ነው።

ወደ ማርስ ለመሄድ ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር ይፈጃል። ደርሶ ደሙ የሳሳ፣ አጥንቱ የደከመ ሰው ከመንኮራኩሩ ወርዶ ሥራ መሥራት አለበት፤ የሚደግፈው ነርስ በዚያ የለም። ስለዚህ የማርስ ጉዞ ቀን ከሮኬቱ ይልቅ በሐኪሞች እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ ተራሮች ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት በሳሳ አየር የኖረ ሕዝብ አካል እንዴት እንደተለማመደ የሚያጠኑ ሐኪሞችና ባዮሎጂስቶች ደግሞ አሉ። ይህ ጥናት ለጠፈር ሕክምና የሚያበረክተው ነገር እንዳለ ባለሙያዎቻችን ከምር ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ሌላው ጠላት ጨረር ነው። ሐምሌ 1964 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፀሐይ ኃይለኛ ማዕበል ረጨች። አፖሎ 16 በሚያዝያ ተመልሳ ነበር፤ አፖሎ 17 የተነሣችው በኅዳር መጨረሻ ነው። ማዕበሉ በሁለቱ መካከል ወደቀ። በዚያን ሰሞን በጨረቃ ላይ የሚመላለስ ሰው ቢኖር በጨረር ክፉኛ ይታመም ነበር። የሰው ልጅ ከምድር መግነጢሳዊ መከላከያ ውጭ ወራት የሚቆይ ከሆነ የሕዋ አየር ጠባይን የሚተነብይ ሳይንስ ያስፈልገዋል።

በዚህ ሳይንስ ውስጥ ኢትዮጵያ አዲስ መጤ አይደለችም። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስፑትኒክ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. በወጣችበት፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በሚታወቀው ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህንና ሳይንቲስት ናቸው። ቦታው ዋጋ ነበረው፤ ሀገራችን የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት ናት። በዚህ መስመር ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈጠሩ መዛባቶች የጂፒኤስ ምልክትን ያውካሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህን የሚያጠና ዋሸራ የተባለ ቤተ ሙከራ አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ ደብረ ዘይት ላይ የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ተቋም ሳተላይቶችን በካሜራ የሚከታተልበት ጣቢያ ነበረው። የጠፈር ዘመን ከተጀመረ ጀምሮ በዚህ ምድር ላይ ሲለካ ቆይቷል ማለት ነው፤ ልጆቻችን ይህን በትምህርት ቤት አለመስማታቸው ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው በ1996 ዓ.ም. ነው። ለተራበ ሕዝብ ኮከብ ማየት ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ ያኔም ነበር፣ ዛሬም አለ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የምመልሰው በ1977ቱ ረሃብ ነው። ከዚያ ረሃብ ማግስት በአሜሪካ ድጋፍ የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የዝናብ እጥረትንና የሰብል መጠውለግን በሳተላይት እየተከታተለ ችግሩ ገበሬው ደጅ ሳይደርስ ለማስጠንቀቅ የተሠራ ነው። በእኛ ሞት የተነሣ በሌሎች እጅ የተሠራ መሣሪያ ነው። እኛ ራሳችን ብንይዘው የሚከፋው ማን ነው?

ሶሳይቲው በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ የገንዘብ ድጋፍ ያሠራው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው። በጨለማ የተከፈተ የሰው ዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የመስታወቱን የገጽ ስፋት በብሌኑ የገጽ ስፋት ብታካፍሉ አንዱ መስታወት ከዓይናችን 20,000 ጊዜ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ሁለት እንቅፋቶች ግን አሉበት። አንደኛው ክረምቱ ነው፤ በዝናብ ወራት ጣሪያው አይከፈትም። ሁለተኛው እኛ ነን። ከተማዋ ከየካ ወደ ለሚ ኩራ፣ ከጉለሌ ወደ ሱሉልታ ስትሰፋ የመንገድና የሕንፃ መብራት ሽቅብ ይረጫል። መብራቱን ወደ ታች የሚመልስ ክዳን ማድረግ ብቻ ብዙ ኮከቦችን ይመልስልናል፤ የኤሌክትሪክ ወጪም ይቀንሳል። ሳይንቲስቶቹ ከላሊበላ አካባቢ ከ4,000 ሜትር በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ሌላ ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ለመትከል ያሰቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና ጎህ ሲቀድ እዚሁ እንጦጦ ላይ ባለሥልጣናት፣ ተማሪዎችና መሐንዲሶች ተሰብስበው ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ የሚተላለፈውን ምስል ይመለከቱ ነበር። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ወጣች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ ዲዛይኑና ግንባታውም የተመራው በቻይናውያን ሲሆን ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አብረው ሠርተዋል። በዓመቱ ታኅሣሥ ወር ሁለተኛዋ፣ 9 ኪሎ ግራም የማትሞላ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች።

የእነዚህ ሳተላይቶች ትልቁ ውጤት ፎቶግራፋቸው አይመስለኝም። እንዲህ ያለች ሳተላይት በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እየበረረች ምድርን በ100 ደቂቃ ገደማ አንዴ ትዞራለች። በእንጦጦ ሰማይ ላይ ስታልፍ ከአድማስ እስከ አድማስ የምትታየው ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ እንጦጦ ላይ የተተከለው አንቴና ይከተላታል፤ ጤንነቷን ይጠይቃል፣ ትእዛዝ ይሰጣታል፣ ያነሣችውን ምስል ይቀበላል። ደቂቃዎቹ ካለፉ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው። ይህን ሥራ ሌሊትና ቀን በፈረቃ የተማሩ ወጣቶች አሉን። ትንንሽ ሳተላይቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ እነዚያ ሰዎች ያወቁት ግን በሌላ ሳተላይት ላይ፣ ነገም በጨረቃ ዙሪያ በምትዞር መንኮራኩር ላይ ይሠራል። ዛሬ ሥራውን የያዘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከማንኛውም ዕቃ በላይ መጠበቅ ያለበት እነርሱን ነው።

የመጀመሪያዋ ሳተላይት በወጣችበት ሳምንት ሌላ ነገር ሆኖ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየሀገሩ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና» ተባለ፤ በዙሪያው የምትዞረው ግዙፍ ፕላኔት «አቦል» ተባለች። ርቀቱ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ማታ የእንጦጦ ቴሌስኮፕ የሚቀበለው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው እንጦጦ ላይ ከተማ የቆረቆሩት አፄ ምኒልክ ከመወለዳቸው በፊት ነው።

ሰው አቦል ይደርሳል ወይ? እስቲ እናስላው። ከሠራናቸው መንኮራኩሮች ሁሉ ርቃ የሄደችው ቮየጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች። በዚህ ፍጥነት ቡና ለመድረስ ከ3 ሚሊዮን 400 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ድንቅነሽ በሐዳር ስትኖር ዛሬ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያኔ የተነሣች መንኮራኩር ብትኖር ዛሬም ገና መንገድ ላይ ናት ማለት ነው። ይህ ትንበያ ከጨረቃ ወገን ስለሆነ በልበ ሙሉነት እነግራችኋለሁ፦ የእኛ ልጆች፣ የልጅ ልጆቻችንም የሚሠሩት በራሳችን ፀሐይ ሰፈር ውስጥ ነው።

ድንቅነሽም በዚህ ሰፈር አለች። ናሳ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ያስወነጨፋት፣ በዓለም ዘንድ «ሉሲ» በተባለው ስሟ የተሰየመች መንኮራኩር ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ1 ኪሎ ሜትር የማትሰፋ አንዲት አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የአስትሮይዷ ስም ድንቅነሽ ነው። መንኮራኩሯ ስትቀርብ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ፤ ድንቅነሽ የራሷ ጨረቃ ነበራት፤ ጨረቃዋም ሁለት ድንጋይ ተጣብቀው የተሠራች ሆና ተገኘች። በዲኪካ ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ባገኛት ሕፃን ቅሪተ አካል ስም «ሰላም» ተባለች።

እንግዲህ የቅርቡን ነገ እንመልከት። ከጥቅምት 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ያለማቋረጥ ሰው የኖረበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2030 ገደማ አገልግሎቱን ጨርሶ ውቅያኖስ ውስጥ እንዲወድቅ ታቅዷል። ቻይና የራሷ ጣቢያ አላት፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ሰው ጨረቃ ላይ ለማውረድ ትሠራለች። አሜሪካ በአርጤምስ መርሐ ግብር ወደዚያው ታመራለች። የሁለቱም የረጅም ጊዜ ዒላማ የጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ ነው፤ ፀሐይ ገብታባቸው በማያውቁ ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለና። ውኃ ካለ የሚጠጣ፣ የሚተነፈስ ኦክስጅን፣ ለሮኬት ነዳጅ የሚሆን ሃይድሮጅን አለ። ያንን ውኃ ለይቶ የሚያውቅ፣ በቴራኸርዝ ሌዘር የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ሲያዘጋጁ ከቆዩት መሐንዲሶች አንዱ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ ነው።

የእኔ ግምት ይህ ነው። ጨረቃ ላይ ሰው ተመልሶ ያርፋል፤ ሁለት ኃያላን ስለሚሽቀዳደሙ በጀቱ እንደ አፖሎ ዘመን በቀላሉ አይደርቅም። ማርስ ግን ይዘገያል። ወደ ማርስ የሚወስደው መንገድ በየ26 ወሩ ነው የሚከፈተው። ዛሬ ኮተቤ ውስጥ 13 ዓመት የሞላት ተማሪ 39 ዓመት እስኪሆናት ድረስ 12 ጊዜ ይከፈታል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራቱ በአንዱም ሰው የሚሄድ አይመስለኝም፤ ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ግን ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

ኢትዮጵያዊስ? ከአፍሪካ ዜጎች መጀመሪያ ጠፈር የደረሰው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሸትልወርዝ ሲሆን፣ በ1994 ዓ.ም. የራሱን ገንዘብ ከፍሎ ነው የሄደው። የእኛ የመጀመሪያ ሰው ወይም ሴት በሌላ ሀገር መንኮራኩር፣ ምናልባትም በውጭ ከተወለዱት ልጆቻችን መካከል፣ በ20 ዓመት ውስጥ ይወጣል ብዬ እገምታለሁ። ያን ቀን እልል እንላለን። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የምጓጓለት ሌላ ነው፦ በጨረቃ ዙሪያ የምትዞር አንዲት መንኮራኩር ከሌሎች ሀገራት ጣቢያዎች ጋር ተራ እየገባች ምልክቷን ለእንጦጦ የምትልክበት፣ ተረኛዋም የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆነችበት ሌሊት።

ይህ ግምቴ የሚፈርስበትን መንገድ አብሬ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ትንበያ አይባልም። የከተማው ብርሃን ተራራውን ከዋጠው፣ በእንጦጦ የሠለጠኑት ወጣቶች ሥራ አጥተው ከተበተኑ፣ አንቴናው መለዋወጫ ከጎደለው ይፈርሳል። ሦስቱም በዓይን የሚታዩ፣ በየዓመቱ ልትቆጥሯቸው የምትችሏቸው ነገሮች ናቸው።